ቬርና የነቀለቻት ፒን

ክላይቭ ያንን ነገር መሥራት የጀመረ ዕለት ሚስቱ ቬርና ሳቀች። ሳምንት ሳይሞላ ሳቁ ጠፋ፤ በቦታው የገባው ፍርሃት ግን አሥራ አራት ወር ሙሉ አብሯት በላ፣ አብሯት ተኛ።

ነገሩ ጋይሮ ይባላል። በዚያ በሰሜን ኩዊንስላንድ የከብት አገር ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። አንድ ወንበር፣ ሦስት ጎማ፣ ከጀርባ ሞተርና ውልብልቢት፣ ከራስ በላይ ደግሞ ነፋሱ ራሱ የሚያሽከረክራቸው ሁለት ረጃጅም ክንፎች አሉት። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ በር የለው። ሰውየው እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ እኩል እየበረረ ከብት ያባርርበታል። ጤነኛ ሰው እንዴት እዚያ ላይ ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ካለ ከቬርና ጋር ይስማማል።

ክላይቭ ሞተሩን ከሞተች የጎረቤት መኪና፣ የነዳጅ ጋኑን ከአረም መርጫ፣ ወንበሩን ደግሞ ከገዛ ጀልባቸው ነቅሎ ነው የገጣጠመው። በዚያ የጀልባ ወንበር ላይ ቬርና ሃያ ዓመት ዓሣ አጥምዳበታለች።

"እኔስ ከእንግዲህ የት ልቀመጥ ነው?" አለችው።

"ባልዲ ደፍተሽ ተቀመጪ።"

"ባልዲ ላይ ተቀምጬ ብወድቅስ?"

"ውሃ ውስጥ ነው የምትወድቂው። እኔ ነኝ እንጂ የማሳዝን!"

ቀልዱ ለሱ ብቻ ነበር የሚያስቀው።

ክላይቭ ሥልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፈረስ ከነኮርቻው ወደቀበትና ቀኝ እግሩ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብረትና በብሎን ገጣጥመው አቆሙት፤ ኮርቻ ላይ መውጣት ግን ቀረ። ከብት በሚሰበሰብበት ወቅት ሌሎቹ አቧራውን እያስነሱ ሲጋልቡ፣ ክላይቭ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጦ የሚሄድ፣ ወርዶ የአጥር በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ሆነ። በዚያ አገር በር መክፈት የእንግዳና የሕፃን ሥራ ነው። ቬርና ያን ጊዜ ፊቱን አይታዋለች። ጋይሮውን አትሥራ ብላ እቅጩን ያልነገረችውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንጀቷ አልቻለም።

ፍርሃቷ ደግሞ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከማዕድ ቤቷ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሬዲዮ ነው የመጣው። እዚያ ወደ ሰማይ የወጣ ሰው በየውሃ ጉድጓዱ ሲደርስ ድምፁን ያሰማል፤ ቤት የቀረው ደግሞ ሰምቻለሁ ይላል። ቻናሉ አንድ ስለሆነ መቶ ኪሎሜትር ርቆ ያለው ጎረቤት ሁሉ ጆሮውን ተክሎ ያዳምጣል፤ የማን ጥርስ እንዳመመው፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳይቀር በዚያው ይታወቃል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የግሌኒስ ባል ኢያን በጋይሮው ላይ ሆኖ "አንዲት ላም ቀርታለች፤ ልመለስላት" አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ሽሽታ ብቻ ነበር፤ ሰው የማይናገርበት ሬዲዮ የሚያሰማው ሽሽሽ። ግሌኒስ ከቤቷ ሆና "ኢያን፣ ኢያን፣ ትሰማኛለህ?" እያለች ከረፋዱ እስከ ማታ ተጣራች። ቬርና ያንን ሁሉ ቆማ ሰማች፤ ሬዲዮውን መዝጋት ነውር መስሎ ታይቷት አልዘጋችም። ሰዎች ኢያንን ሲያገኙት መሽቶ ነበር፤ ከሞተ ግን ቆይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ የግሌኒስ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም።

ክላይቭን መብረር ያስተማረው ሽማግሌው ስታን ነው። ስታን ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዕድሜው ሦስት ጋይሮ ሠርቷል፤ አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ደግሞ ሁለቴ ተሰብሯል። ንድፉን የሰጠው እሱ፣ ፈተናውን የፈተነው እሱ። ከሁሉ አስቀድሞም አንድ ነገር አስጠንቅቆት ነበር፤ "እዚህ ነገር ላይ ሽቦ እንዳላይ!"

ማስጠንቀቁ አይፈረድበትም። በክላይቭ ግቢ ዕቃ ጎደለ ተብሎ የቆመ ሥራ የለም። የበሩ ማጠፊያ የአጥር ሽቦ ነው። የፒክአፑ ጭስ ማውጫ በአጥር ሽቦ ነው የተንጠለጠለው። የማንቆርቆሪያው እጀታ ሽቦ፣ የመነጽሩ ጆሮ ሽቦ። ለአገሩ ሰው ፒንሳና ጥቅል ሽቦ ካለው ሌላው ሁሉ ቅንጦት ነው፤ ክላይቭ ደግሞ በዚህ ከአገሩም ይብስ ነበር።

ማክሰኞ ስታን ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ ጋይሮውን ከላይ እስከ ታች መረመረው። ሻዩን ይዞ ወንበሩ ላይ ወጣና ቬርናን ጠራት።

"ነይ እዪ፣ አንቺም ማወቅ አለብሽ። ይቺ ብሎን ትታይሻለች? ባልሽ የተንጠለጠለው በሷ ነው። ክንፎቹ ከቀረው ጉድ ጋር የሚያያዙት በዚች ብቻ ነው።"

"በአንድ ብሎን?"

"በአንድ ብሎን። ጫፏ ላይ ያለው ዳዶ እንዳይፈታ ደግሞ ይቺ ፒን ታስረዋለች።" እንደ ፀጉር ማስያዣ ሁለት እግር ያላት፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ብዙም የማትረዝም ነገር አሳያት። "እሷ ከሌለች ንዝረቱ ዳዶውን ቀስ ብሎ ይፈታዋል። ዳዶው ከወለቀ ብሎኑ ይከተላል። ብሎኑ ከወለቀማ…"

"ይበቃኛል ስታን፤ ገብቶኛል።"

ስታን ወደ ክላይቭ ዞረ። "ፒን ከሌለ መብረር የለም። ተሰማማን?"

"አቤት ጌታዬ!" አለ ክላይቭ፣ እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ።

ሁለቱ ወንዶች ወሬያቸውን ቀጠሉ። ቬርና ግን ከዚያች ዓረፍተ ነገር አልተላቀቀችም። ፒን ከሌለ መብረር የለም።

ክላይቭ ብቻውን ከብት ሊሰበስብ የሚወጣው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው። የፖስታዋ አውሮፕላን የምትመጣው በየማክሰኞው ስለሆነ የዚህ ሳምንቷ አልፋለች፤ ዛሬ የታዘዘ ዕቃ ቶሎ ደረሰ ቢባል በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። በዚያው ሰሞን ሄሊኮፕተር ያለው ኮንትራክተር በአካባቢው እየዞረ ነበር፤ ከብቱን እሱ ይሰበስበዋል። አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የፈለገችው። ከዚያ በኋላ ስላለው አላሰበችም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ክላይቭ እንደ ልማዱ አልጋው ላይ ጋደም ሲል፣ ጋራዥ ገባች። በዚያ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ይጋግራል። በጀልባዋ ወንበር ላይ ወጥታ ቆመች፤ ፒንሳውን ይዛ የፒኗን እግሮች አንድ በአንድ አቃናች፤ ሳበቻት። አልወጣም አለቻት። ደግማ ስትስብ ጣሪያው ላይ ያረፈ ጭልፊት ጮኸ፤ ቬርና ከወንበሩ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። በሦስተኛው ፒኗ መዳፏ ላይ ወደቀች። መሳቢያ ውስጥ በትንሽ ከረጢት ያሉትን አምስት ትርፍ ፒኖችም ወሰደች። ሁሉንም ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው።

ጠዋት ሲፈትሽ ያየዋል ብላ አሰበች። ያብዳል፣ ይሳደባል፣ ምናልባት ሳምንት ያኮርፈኛል። ኩርፊያውን እችለዋለሁ። የማልችለው ሽሽታውን ነው።

በማግስቱ ሻይ አፍልታ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆመች። ክላይቭ እግሩን እየጎተተ ወደ ጋራዥ ሄደ። ጆሮዋን ቀስራ ጠበቀች። ስድብ የለም። አንዳች የወደቀ ዕቃ ድምፅ እንኳ የለም። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ መጣና በሩን ተደግፎ ቆመ።

"ቬርና፣ ትናንት ጋራዥ ገብተሽ ነበር እንዴ?"

"እኔ? እዚያ ምን አደርጋለሁ?"

"እንዲያው ነው።"

ዓይኖቹ እሷ ላይ ቆዩ። እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ልታወጣው ፈለገች፤ ካወጣችው ደግሞ የሚታወቅባት መሰላት። እሱም የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

"በይ እሺ" አለና ሄደ።

አሁን ተመልሶ ይመጣል አለች በልቧ። አሁን ቁጭ ይልና ይነጫነጫል። ሞተሩ ተነሣ። ሊያሞቀው ነው አለች። የሞተሩ ድምፅ ከጋራዡ ወጥቶ በቤቱ ጎን ሲያልፍ ግን ሊበር መሆኑ ገባት። በር ከፍታ በባዶ እግሯ ሮጠች። ጋይሮው በአቧራማው መንደርደሪያ ላይ እየፈጠነ ነበር። "ክላይቭ! ክላይቭ ቁም!" ብላ ጮኸች። ሞተሩ ድምፅዋን በላው። ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ። ክላይቭ ዞሮ አያትና እጁን አወዛወዘላት፤ የምትሰናበተው መስሎት ነው።

ቬርና እዚያው እንደቆመች እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ፒኖቹ ስድስቱም አሉ። አልፈተሸም። ወይም ፈትሾ አለመኖሯን ልብ ሳይል ቀርቷል። ባሌ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል፤ ብሎኗን የሚጠብቃት ነገር ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ይህን አስባ እንደ እብድ ወደ ቤት ሮጠች።

ሬዲዮው ጋ ስትደርስ እሱ ቀድሟት እያወራ ነበር።

"ቬርና፣ ቬርና። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ደርሻለሁ። ሁሉ ሰላም ነው። ሃያ ያህል ላሞች ያለ ጠሪ እየሄዱልኝ ነው፣ አይ ጨዋነት!"

"ክላይቭ፣ ቤት ተመለስ።"

"ምነው? ቤቱ ተቃጠለ?"

"ተመለስ አልኩህ!"

"ሻዩ ቀርቶብህ ነው እንዳትዪኝ፤ ጠጥቻለሁ።"

የአንድ ሰው ሳቅ በቻናሉ ላይ ተሰማ። ሁሉም እየሰሙ ነው። አሁን የምትናገረውን ነገር ከምሳ በፊት የማይሰማ ጎረቤት አይኖርም፤ እስክትሞት ድረስም ይወራባታል። ለአፍታ ተሸማቀቀች። ስለዚያች አፍታ በኋላ ራሷን ይቅር ማለት አልቻለችም።

"ፒኗን ነቅያታለሁ" አለች። "የብሎኗን ፒን። ትናንት ተኝተህ ሳለ ነቀልኳት። እኔ ጋ ናት። በእግዚአብሔር ክላይቭ፣ ውረድ።"

ክላይቭ ሳቀ።

"አውቄያለሁ እኮ የኔ እመቤት። ፒኗን አይጥ አልወሰዳትም፤ አይጥ ፒንሳ አይዝም። ቦታዋን ባዶ አግኝቼ በሽቦ አስሬዋለሁ፤ አትጨነቂ።"

ቬርና ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ደስታውም ንዴቱም እፍረቱም አንድ ላይ መጣባት፤ እያለቀሰች ሳቀች። በእርግጥስ በዚያ ግቢ ለፒን ብሎ የቀረ ሥራ መች ነበርና! አንዱ ጎረቤት "ቬርና፣ የኔንም ሚስት አስተምሪልኝ" አለ። ሌላው "ቀጥሎ ጎማውን ፍቺበት" አለ። ሰው ሁሉ በየቤቱ የሚስቅ ይመስል ነበር።

በዚያ መሐል የስታን ሻካራ ድምፅ ገባ።

"ሁላችሁም ዝም በሉ። ክላይቭ፣ የምን ሽቦ ነው ያስገባኸው?"

"የአጥር ሽቦ ነዋ። ተቆጣኝ እንግዲህ።"

"የአጥር ሽቦ መሆኑንማ አውቃለሁ። ከየትኛው ጥቅል? ከድሮው ነው ከአዲሱ?"



"የድሮው አልቋል" አለ ክላይቭ። ከድምፁ ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

አጥር የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የድሮው ሽቦ ለስላሳ ነው፤ እንደ ክር ቢጠመዝዙት አይከፋውም። አዲሱ ደረቅ ነው፤ ሲወጠር ኮርማ ያቆማል፤ አጥፈው ካሰሩበትና ከነቀነቁት ግን ቀጭ ይላል። ክላይቭ ራሱ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚነግረው ይህንኑ ነበር። ያን ጠዋት ግን እጁ ብቻውን ሄዶ የቀረበለትን ሽቦ ቆረጠ፤ አሰረ፤ አርባ ዓመት እንዳደረገው።

"ክላይቭ" አለ ስታን፣ "መሪ ዱላው ላይ የሚሰማህ ነገር አለ?"

"ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከጉድጓዱ ወዲህ ነው የጀመረው። ነፋስ መስሎኝ…"

"ነፋስ አይደለም። አሁን ስማኝ። ዱላውን ወደፊት እንዳትገፋ፤ ነፍስህን ካልጠላህ በቀር አትግፋ። ሞተሩን በጥቂቱ ቀንስ። ሳትቸኩል፣ በሰፊው ዙር። በታችህ ምን አለ?"

"ኩይሳ ነው። ኩይሳና ዛፍ።"

"የደረቀው ሐይቅስ?"

"ከኮረብታው ማዶ ነው። አራት ኪሎሜትር ይሆናል።"

"ወደዚያ ሂድ። ሌሎቻችሁ ከቻናሉ ውጡ። ቬርና፣ አንቺም ውጪ፤ ሐሳቡን አትበትኚበት።"

ቬርና ጣቷን ከሬዲዮው መነጋገሪያ ቁልፍ ላይ አነሣች።

"እሷ አትውጣ" አለ ክላይቭ። "ተዋት ስታን። እጄ አላርፍ አለ፤ ዝም ስትሉ ይብስብኛል። ቬርና፣ የሆነ ነገር አውሪኝ።"

"ምን ላውራ?"

"የፈለግሽውን። ስደቢኝ።"

ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ነገር ከአፏ መፍሰስ ጀመረ።

"አንተ ሽቦ ያሳበደህ ሰውዬ! የማንቆርቆሪያዬ እጀታ ሦስት ጊዜ አቃጥሎኛል፣ ታውቃለህ? በሠርጋችን ቀን ያን የተሰነጠቀ ጫማህን በምን አስረህ እንደመጣህ እናቴ አይታ ነበር፤ እስክትሞት አልነገረችህም። የመታጠቢያ ቤቱ በር በሽቦ ታስሮ መቆለፍ ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው! እንግዳ በመጣ ቁጥር እየዘፈንኩ ነው የምታጠበው! እሺ፣ ጀልባውስ ምን አደረገህ? ያን ወንበር ማን ፍታ አለህ? ትሰማኛለህ?"

"እሰማሻለሁ። ቀጥዪ።" ትንፋሹ ያጥር ነበር። "መንቀጥቀጡ ጨምሯል ስታን።"

"ዱላውን እንደያዝከው ያዝ። አትግፋ።"

"ቀጥዪ ቬርና።"

"ያ ፈረስ የወደቀብህ ቀን የአምቡላንስ አውሮፕላኗ እስክትደርስ አምስት ሰዓት ጭንቅላትህን ይዤ ተቀምጫለሁ። አምስት ሰዓት! ያን ጊዜ ካልሞትክ አሁን ምን ቆርጦህ ነው የምትሞተው? በዚያ ባለጌ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ብትሞት እኔ…"

"ኮረብታውን እያለፍኩ ነው" አለ ክላይቭ። "ሐይቁ ታየኝ። ልወር…"

ሽሽታ መጣ።

ቬርና መነጋገሪያውን ጨበጠችው። "ክላይቭ?" ሽሽታ። ከኮረብታው ማዶ ዝቅ ያለ ሰው ድምፁ እንደማይሰማ ታውቃለች። እየወረደ ከሆነ መጥፋቱ ያለ ነው። ወድቆም ከሆነ የሚሰማው ያው ነው። "ክላይቭ፣ ትሰማኛለህ? ጨርሼ አልሰደብኩህም እኮ! ክላይቭ!" ግድግዳውን ይዛ ደጋግማ ተጣራች፤ መሄድ እንዳለባት እያወቀች ከሬዲዮው መላቀቅ አቃታት፤ ከተላቀቀች የሚሞት መሰላት።

"ቬርና።" የሴት ድምፅ ነበር። ግሌኒስ ናት። "ቬርና፣ እህቴ፣ ስሚኝ። ያንን ነገር አስቀምጪውና መኪናሽን ይዘሽ ሂጂ።"

"ቢመልስስ? ቢጠራኝስ?"

"እኔ አለሁ። ከዚህ አልነቃነቅም። እኔ እጠራዋለሁ። ሂጂ።"

ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ኪሎሜትር ነው፤ አራት በር አለው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ከፍታ ሳትዘጋ አለፈች፤ አራቱንም። የፒክአፑ ሬዲዮ ኮረብታው እስኪጋርደው ድረስ የግሌኒስን ድምፅ ያመጣ ነበር፤ "ክላይቭ፣ ክላይቭ፣ ትሰማኛለህ?" ትልና ትንሽ ትጠብቃለች፤ ደግማ ትላለች። ቬርና ጮክ ብላ ትለምን ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አትግደለው። ማንን እንደምትለምን ለራሷም አልታወቃትም።

ከኮረብታው ወርዳ ሐይቁ ሲገለጥላት መጀመሪያ ያየችው ጭስ አለመኖሩን ነው። ቀጥሎ ጋይሮውን አየች። በነጩ ደረቅ ጭቃ መሐል በሦስት ጎማው ቆሟል። ከሥሩ ጥላ ውስጥ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

መኪናውን ሳታጠፋ ወርዳ ሮጠች። አጠገቡ ስትደርስ የምትለው ጠፋት።

"ሰላም ነኝ" አለ ክላይቭ። ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። መዳፉን ዘረጋላት። ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዟል። "ወርጄ ሳይ ለሁለት ተቆርጣለች። ዳዶው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ዙር ነው የቀረው።"

ቬርና ጭቃው ላይ ዘፍ አለች። "ገድዬህ ነበር።"

"እኔም ራሴን ገድዬ ነበር።" ቁራጮቹን መሬት ላይ ጣላቸው። "ጠዋት በሩ ላይ ስቆም እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ነበር። ፒኗ እዚያ እንዳለች አውቄያለሁ። ስጪኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።"

"ለምን አላልክም?"

ክላይቭ ወደ ሐይቁ ዳር አየ።

"አትሂድ ትዪኛለሻ። አትሂድ ካልሽኝ ደግሞ እቀር ነበር። እኔም እኮ ፈርቼ ነበር ቬርና። ስታን አብሮኝ እያለም እፈራ ነበር፤ ዛሬ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ፒኗን ሳጣት መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያ በመደሰቴ አፈርኩና ሽቦ ቆረጥኩ።"

ሌሊቱን ቬርናም አልተኛችም ነበር። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጣጥተው፣ አንዱ ሌላው የተኛ እየመሰለው፣ አንድ ዓይነት ፍርሃት ሲፈሩ አደሩ። እጇን እጁ ላይ አደረገች።

ክላይቭ "አምጥተሻታል?" አለ።

ከኪሷ አወጣችና አሳየችው።

"እንግዲያው አንቺ አስገቢያት። እኔ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።"

በጀልባዋ ወንበር ላይ ወጣች። እሱ ከታች እየነገራት ዳዶውን በመፍቻ አጠበቀች፤ ቀዳዳውን አገጣጠመች፤ ፒኗን አስገባች፤ እግሮቿን አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ አጠፈች። እንዳትወጣ አድርጋ አጠፈቻት። ይህን ስታደርግ አንድ ቀን ተመልሶ እንደሚወጣበት ታውቃለች፤ ግን ሥራዋን አላጓደለችም።

"አሁን በዚህ ነው ወደ ቤት የምትሄደው?" አለች እላይ እንደቆመች።

"ዛሬ? ዛሬስ አንቺ ትነጃለሽ።" ወንበሩን ተደግፎ በግድ ተነሣ። "በሩን እኔ እከፍታለሁ።"

ኮረብታው ላይ ሲወጡ የፒክአፑ ሬዲዮ ተንጫጫና ድምፅ አመጣ። ግሌኒስ ናት። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳታቋርጥ ተጣርታ ድምፅዋ ሰልሏል። ስሙንም ሳታውቀው ለውጣዋለች።

"ኢያን፣ ኢያን፣ ትሰማኛለህ?"

ቬርና ፍሬን ያዘች። ሁለቱም ተያዩ። በቻናሉ ላይ ከነበረው ሰው ሁሉ አንድም የሚያርማት አልተገኘም።

"ኢያን፣ ትሰማኛለህ?"

ቬርና መነጋገሪያውን አንስታ ለክላይቭ ሰጠችው። "አንተ መልስላት። የወንድ ድምፅ ትስማ።"

ክላይቭ በሁለት እጁ ያዘው።

"ግሌኒስ፣ ክላይቭ ነኝ። እሰማሻለሁ። መሬት ላይ ነኝ።"

ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያም ያ የሰለለ ድምፅ።

"እግዜር ይስጥህ ክላይቭ" አለች ግሌኒስ። "ስለመለስክልኝ።"

ቀጭ የሚል ድምፅ መጣና ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሬዲዮዋ ተዘጋ።

ቬርና መኪናውን አንቀሳቀሰች። የመጀመሪያው በር ጋ ሲደርሱ ጠዋት እንደተወችው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። አልፋው ቆመች። ክላይቭ ወርዶ እግሩን እየጎተተ ሄደ፤ በሩን ዘጋው፤ በሩ ላይ በተንጠለጠለች የዛገች ሽቦም አሰረው። ቬርና ሞተሩን አጥፍታ፣ ዞራ እያየችው፣ ተመልሶ እስኪገባ ጠበቀችው።